ሃምሳ ሎሚ በኮልፋክስ ጎዳና

የመጀመሪያ ልጄን ኦሮራ ውስጥ በተገላገልኩ በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል ስወጣ ነርሷ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ። በአማርኛ የተዘጋጀ ነበር። ሲበረታቱ በየቀኑ 30 ደቂቃ በእግርዎ ይንቀሳቀሱ ይላል። በቂ እንቅልፍ ይተኙ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይመገቡ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ከወዳጅ ዘመድ ጋር ይገናኙ፣ ለራስዎ ጊዜ ይስጡ። አንድም ስሕተት የሌለበት ምክር ነው። ቤት ገብቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ በሳምንቱ ወደ ሌሊት ፈረቃው ተመለሰ፤ እናቴ ቪዛ ስላላገኘች ጎንደር ናት። ሕፃኗ ስታለቅስ ወረቀቱን እያየሁ አብሬ አለቅስ ጀመር።

ከላይ ፎቅ የሚኖሩ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በአሳንሰር ውስጥ ከሰላምታ በቀር ያልተነጋገርናቸው እናት በአሥረኛው ቀን በሬን አንኳኩ። በአንድ እጃቸው በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዘዋል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ አጥሚት ነው፣ ሳይበርድ ጠጪ» ብለው ሕፃኗን ተቀበሉኝ። እየጠጣሁ ሳለ ወረቀቱን አነበቡት። ከዚያም «ይኼ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው?» አሉ።

እኔ የማጠናው ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ነው። ሥራዬ ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱ የዘለለውን ከሌላው መፈለግ ነው። የእኒያ እናት ጥያቄ የፍሪጁን ወረቀት እንደ ጽሑፍ እንዳነበው አደረገኝ። ትእዛዞቹ በሙሉ «እርስዎ» ለምትባል ለአንዲት ብቸኛ ሴት የተጻፉ ናቸው። የሴት ጤና የብዙ ልማዶች ድምር ነው የሚለው ሐሳብ ዛሬ በየመጽሔቱ አለ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ታሪክ አለው፤ በታሪኩም ውስጥ ልማዶቹን ደምሮ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ሁልጊዜ አይጻፍም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የምንለው ለዚህ ነው።

ታሪኩን ከሰፈሬ ልጀምር። የምኖረው ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ብዙ ሳልርቅ ነው። እንጀራ የሚሸጥባቸው ሱቆች፣ ሥጋ ቤቶችና ጸጉር ቤቶች ያሉበት ይህ ጎዳና ከኛ በፊት ሌሎች ሕመምተኞችንና ስደተኞችን አስተናግዷል። ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1882 ካገኘ በኋላ፣ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1943 እስኪገኝ ድረስ፣ በሽታው ታውቆ መድኃኒቱ ያልታወቀበት 60 ዓመት አለፈ። በዚያ ዘመን ሐኪሞች የሚያዙት የኑሮ ዘይቤ ነበር፦ ደረቅና ንጹሕ አየር፣ ፀሐይ፣ ዕረፍት፣ ወተትና እንቁላል። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ያለችው ዴንቨር በዚህ ምክንያት የሕመምተኞች ከተማ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1899 ናሽናል ጁዊሽ ሆስፒታል ድኾች ሕመምተኞችን በነጻ ለማከም በሩን ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ የአሜሪካ ጦር ሳንባቸው የታመመ ወታደሮችን ለማከም እዚሁ ኦሮራ ውስጥ፣ ኮልፋክስ ዳር፣ በኋላ ፊትስሲመንስ የተባለውን ሆስፒታል አቆመ። ሆስፒታሉ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተዘግቶ ቦታው ዛሬ አንሹትዝ የሚባለው ትልቅ የሕክምና ካምፓስ ሆኗል።

የሳናቶሪየሙ ሕግ በዘመናችን ቋንቋ «የልማዶች ጥምረት» ነው። ሰዓት ተጠብቆ ይበላል፤ ሰዓት ተጠብቆ ይተኛል፤ በክረምት ሳይቀር በረንዳ ላይ ይወጣል። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ወተቱን አያፈላም፤ አንሶላውን አያጥብም፤ አልጋውን ወደ በረንዳው ራሱ አይገፋም። እነዚያን ልማዶች እንዲጣመሩ ያደረጓቸው ነርሶች፣ አብሳዮችና አጣቢዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሴቶች። የሕክምና ታሪክ ስለ አየሩና ስለ ፀሐዩ ብዙ ጽፏል። ስለ አጣቢዎቹ ግን እምብዛም አላነበብኩም።

ይህን የተረዱ አንዲት የኮሎራዶ ሴት ነበሩ፤ ዶክተር ፍሎረንስ ሴቢን። እ.ኤ.አ. በ1871 በማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ በሴንትራል ሲቲ ተወልደው፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ጡረታ ወጥተው ዴንቨር ሲመለሱ የክፍለ ግዛቱን የጤና ሁኔታ እንዲያጠኑ ተጠየቁ። እሳቸውም የሰባ ዓመት አዛውንት ሆነው ሳለ ከአውራጃ አውራጃ እየዞሩ ስለ ወተት ንጽሕና፣ ስለ ፍሳሽና ስለ ጤና ጥበቃ ባጀት ተሟገቱ። እ.ኤ.አ. በ1947 በስማቸው የሚታወቁት የጤና ሕጎች ጸደቁ። ሴቢን እናቶችን «ንጹሕ ወተት ምረጡ» ብለው መክረው ማለፍ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን እናቲቱ መምረጥ ሳያስፈልጋት ወተቱ ንጹሕ ሆኖ እንዲመጣ አደረጉ። ከአንዲት ሴት ትከሻ ላይ አንድ ሎሚ አነሱ ማለት ነው።

ሁሉም ዕረፍት ግን ዕረፍት አይደለም። በዚያው ዘመን ሳይለስ ዌር ሚቼል የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም መንፈሳቸው ለተዳከመ ሴቶች የዕረፍት ሕክምና ያዝ ነበር፦ አልጋ ላይ መዋል፣ ብዙ መመገብ፣ ከሰው መለየት፣ አለማንበብና አለመጻፍ። ደራሲዋ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን ልጅ ከወለደች በኋላ መንፈሷ ተሰብሮ እ.ኤ.አ. በ1887 በዚህ ሕክምና አለፈች፤ እ.ኤ.አ. በ1892 ደግሞ «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» የተባለውን አጭር ልብ ወለድ አሳተመች። በታሪኩ ውስጥ ያለችው አራስ ምግብ አላጣችም፤ አልጋ አላጣችም፤ አየርም አላጣችም። ያጣችው የሚሰማትን ሰው ነው። ይህን ልብ ወለድ ለክፍል ተማሪዎች ሁለት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን በሦስተኛው ንባብ፣ ሕፃን ታቅፌ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

የእኛ አራስ ቤት የሚቼል ክፍል ግልባጭ ነው ለማለት ያምረኛል። እዚያ ሴቲቱን ከሰው ይለያሉ፤ እዚህ ቤቱን በሰው ይሞላሉ። ገንፎው በቅቤና በበርበሬ ይቀርባል፤ አጥሚቱ፣ አብሹና ተልባው ይከተላል፤ ወገቧ ይታሻል፣ ገላዋ ይታጠባል፤ ቡናው በተፈላ ቁጥር ጎረቤት ይገባል። ማንም «አሁን የምግብ ሰዓት ነው፣ አሁን የአእምሮ ጤና ሰዓት ነው» አይልም። ገንፎ ልታገነፋ የመጣችው ሴት ያንቺን ምጥ ለመስማት የራሷን ትነግርሻለች፤ ሥጋም መንፈስም በአንድ ማንኪያ ይጎረሳል።

ይህ ግን ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ካልጻፍኩ ናፍቆት ይሆንብኛል። በብዙ ገጠር አራሷ ከአልጋ የምትነሣው አቅሟ ሲመለስ ሳይሆን ውሃና እንጨት ሲያልቅ ነው። ወንድ የወለደች ልጇን በ40 ቀን፣ ሴት የወለደች በ80 ቀን ክርስትና ታስነሣለች፤ ከደጀ ሰላም የምትርቅበትም ጊዜ በዚያው ልክ ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ የብዙዎቻችንን እናቶች ያሳረፈው የሌላ ሴት ድካም ነበር። እኔን ስትወልድ እናቴ የተኛችው አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከገጠር መጥታ ልብስ ታጥብ፣ እንጀራ ትጋግር ስለነበር ነው። ያቺ ልጅ የምትተኛው ማድ ቤት ነበር። በቤታችን የፎቶ አልበም ውስጥ የለችም።

ይህ መዛነፍ ከአዲስ አበባ ልደት ጀምሮ አለ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ሲያዝዙ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ ብለው ሲሰይሙ፣ ከተማችን ገላን በሞቀ ውሃ ከማሳረፍ ፍላጎት ተጀመረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው በእንጦጦ ተራራ ግን እስከ እኛ ዘመን ድረስ ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ኖረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። እንጨት ተሸካሚዋ ይህን በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች። ነገር ግን ዕረፍትና ምግብ ያልተከተለው እንቅስቃሴ ወገብ ይሰብራል እንጂ ጤና አይሰጥም። ልማዶች መጣመር አለባቸው ሲባል ይህን ማለት ነው፤ አንዱ ብቻውን ሲቀር መልኩን ይለውጣል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ የብዙ ሴት ልጆች ሩጫ ትርጉሙ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ የሴቶች ብቻ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በየዓመቱ ሲካሄድ፣ ሸክም የሌለው ጀርባ ይዞ መንገድ ላይ መውጣት ራሱ በዓል ነው።

እናታችን ኢትዮጵያም የራሷን የልማድ ዝርዝር ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር 16 ፓኬጆች ነበሩት፦ መጸዳጃ ቤት ከመቆፈር እስከ ክትባት፣ ከቤተሰብ ዕቅድ እስከ ሥርዓተ ምግብ። ፓኬጆቹን የፈጸመ ቤት «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ይመረቃል። መርሐ ግብሩን ከፍሪጄ ወረቀት የሚለየው ትልቁ ነገር ሰው ያለው መሆኑ ነው። በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ፤ በገጠር ሁሉም ለማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው፤ ምክሩም በእግር ተጉዞ ቤት ድረስ ይመጣል። የእናቶችና የሕፃናት ሞት በአገራችን በቀነሰባቸው ዓመታት የእነዚህ ሴቶች እግር ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ 16 ፓኬጆች ውስጥ የአእምሮ ጤና አልነበረም፤ የተጨመረው በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ መሳደቢያ እስከመሆን ደርሶ ነበር።

ቋንቋችን ግን ከፓኬጁ ቀድሞ ነበር። አማርኛ ሐዘንን የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው፦ ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴ ተላወሰ፣ ሆድ ይፍጀው። «ድባቴ» የሚለው ቃል በሬዲዮና በሐኪም አፍ ሲለመድ ጥሩ ሆነ፤ ስም ያገኘ ነገር ይነገራልና። ቢሆንም እናቶቻችን ጨጓራዬን፣ ወገቤን፣ ራሴን የሚሉት ሐኪሙን ለማሳሳት አይደለም። እዚህ አገር ከወሊድ በኋላ የሚሰጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ የተዘጋጀ፣ 10 ጥያቄዎች ያሉት የኤድንበራ መጠይቅ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ ተፈትሾ ጠቃሚነቱ ተረጋግጧል። እኔም ሞላሁት። መሳቅ መቻሌንና የነገሮችን አስቂኝ ገጽታ ማየት መቻሌን ይጠይቃል። ማን አጠገቤ ተቀምጦ እንደሚያስቀኝ የሚጠይቅ መስመር ግን አላገኘሁበትም።

ከዘመናችን ትልልቅ የልማድ ቆጠራዎች አንዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ከ121,000 በላይ ሴት ነርሶችን መመዝገብ የጀመረው ጥናት ነው። የዚህንና የሌላ የወንዶች ጥናት መረጃ ይዘው የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አምስት ልማዶችን አንድ ላይ መዘኑ፦ አለማጨስ፣ ጤናማ ክብደት፣ በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ጥሩ አመጋገብ፣ ከመጠን ያላለፈ መጠጥ። አምስቱንም የያዘች የ50 ዓመት ሴት አንዱንም ካልያዘችው በአማካይ 14 ዓመት ያህል አብልጣ እንደምትኖር ገመቱ። ቁጥሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የተቆጠሩት ሴቶች በአብዛኛው ነጭ፣ የተማሩ፣ ሙያ ያላቸው ነበሩ፤ በአምስቱም ውስጥ ጎረቤት አልተቆጠረም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 148 ምርምሮችን ሰብስቦ ከ300,000 በላይ ሰዎችን ሲያነጻጽር፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የላይ ፎቋ እናት ጥያቄ በመካከላቸው ይቆማል። ይኼ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው?

እኒያን እናት እትዬ እላቸዋለሁ። ለምን ለማያውቋት አራስ አጥሚት ይዘው እንደመጡ የነገሩኝ ከወራት በኋላ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱት በደርግ ዘመን፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ድንበር በእግር ከተሻገሩ በኋላ ነበር። እንኳን አጥሚት ንጹሕ ውሃም አልነበረም። ወደ አሜሪካ የመጡት በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በር ከከፈተላቸው ሰዎች ጋር ነው። «ያን ጊዜ ማንም አልመጣልኝም፤ ስለዚህ አራስ ከሰማሁ እሄዳለሁ» አሉኝ። ኦሮራ ሲገቡ ሆቴል አጽድተዋል፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሌሊት ሠርተዋል፤ ሌሎችን እያሳረፉ ጉልበታቸው አልቋል። በኋላ በዲቪ የመጣነው ደግሞ የአየር ማረፊያውን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ የነርስ ረዳትነቱን ፈረቃ ተረከብን። የፈረቃ ሥራ አንዱ ጉዳቱ ይህ ነው፦ እኔ ስነቃ ጎረቤቴ ትተኛለች፤ ቡና የሚጠጣበት የጋራ ሰዓት የለንም።

መፍትሔውን ያመጡት እትዬ ናቸው፤ ስሙንም እሳቸው አወጡ፤ የሰዓት ዕቁብ። አምስት ሴቶች ነን። ገንዘብ አንጥልም፤ ሰዓት እንጥላለን። በየሳምንቱ ዕጣ ይወጣል፤ የደረሳት ሴት አራት ሰዓት ታገኛለች። የቀሩት አራቱ ልጆቿን ይይዛሉ፣ ወጧን ይሠራሉ፣ ልብሷን ያጥባሉ፤ ጾም ከሆነ ሽሮና ጎመን፣ ፍስክ ከሆነ እንደ አቅሚቲ። በአራቱ ሰዓት ምን እንደምታደርግባቸው አትጠየቅም። ሲያበቃ ቡና ይፈላል።

የመጀመሪያው ዕጣ የደረሳት የሌሊት ሠራተኛ ነበረች፤ አራቱንም ሰዓት ተኛች። አንዷ ሃይ ላይን ካናል የሚባለውን መንገድ መረጠች። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለመስኖ የተቆፈረ፣ 71 ማይል የሚረዝም፣ በዛፎች ጥላ ሥር በዴንቨርና በኦሮራ የሚያልፍ ቦይ ነው፤ ብዙው ዳሩ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ሌላዋ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ብቻዋን አለቀሰች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይህን ስትነግረን ለቅሶው ወራት እንዳስቆጠረ ገባን። ዕቁብ ሐኪም አይደለም። አንዳችን ቀጠሮ ያዝንላት፣ አንዳችን አደረስናት፣ አንዳችን ልጇን ያዝን። አሁን ሕክምናዋን ትከታተላለች፤ ዕቁቡንም አላቆመችም።

ይህ የሰዓት ዕቁብ የጎደለንን ሁሉ አይሞላም። የወሊድ ፈቃድ አይሰጠንም፤ የሌሊቱን ፈረቃ አያስቀርም፤ እናቴንም አያመጣልኝም። ዶክተር ሴቢን እንዳደረጉት ሕግ እስኪለወጥ የሚሟገት ሌላ ትከሻ ያስፈልጋል። የማድ ቤቷን ልጅ የሚያስታውስ ሕሊናም ያስፈልጋል፤ የእኛ ዕረፍት በሌላ ሴት ስም ባልተጻፈ ድካም ላይ እንዳይቆም በዕቁባችን ሁሉም ትጥላለች፣ ሁሉም ታወጣለች።

ወረቀቱ ዛሬም ፍሪጁ ላይ አለ። ዝርዝሩን አልሰረዝኩትም፤ ልክ ነውና። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ግን በእርሳስ ስም ጽፌያለሁ። ከእንቅልፉ ጎን ሕፃኗን የምትይዝልኝ ሴት ስም አለ፤ ከእግር ጉዞው ጎን አብራኝ የምትሄደው፤ ከአትክልቱ ጎን ጎመን የምትከትፈው። «ከወዳጅ ዘመድ ጋር ይገናኙ» ከሚለው ጎን አምስታችንም አለን። የሚቀጥለው ዕጣ ቅዳሜ ይወጣል፤ እትዬ እስካሁን አልደረሳቸውም።